ላብራቶሪ ከሌለ ከወጥ ቤት ጀምሪ

እህቴ፣ «ላብራቶሪ የለንም፤ ለሳይንስ ሳምንት የ3ኛ ክፍል ልጆች ምን ይሥሩ?» ላልሽው፦ የጤፍ ሊጥ በእርሾ ቀጠን አድርገሽ አቡኪና በፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ጨምሪ፤ አፉ ላይ ፊኛ ግጠሚበት። ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ፊኛው ቀና ብሎ ያገኙታል። ያነሣው ሊጡ ሲቦካ የሚወጣው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውም እሱው። እኛ ጋ አንዷ ልጅ «እናቴም ሳይንቲስት ናታ!» ብላ አሳቀችን።

እርድም ሞክሪ። በጥብጠሽ ነጭ ወረቀት ንከሪበትና አድርቂ፤ የሳሙና ውሃ ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲንጠባጠብበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ዩኒፎርም ላይ ግን እንዳይፈስ፣ አይለቅም!

የመክፈቻ ንግግሩን አሳጥሩት። አምና እኛ በንግግር ሰዓቱን ጨርሰን፣ ልጆቹ ጠርሙሱን ሳይነኩ ተደወለ።