ለገና ጨዋታ ከባድ ዱላ ወይስ ቀላል?

ጥያቄ፦ ለገና ጨዋታ የወይራ ዱላ ቆርጫለሁ። ጓደኞቼ «ከብዷል፣ ቀለል ያለ ያዝ» ይሉኛል። የቱ ይሻላል? (ወጣት አንባቢ፣ ከቢቸና)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እጀታውን በአንድ እጅህ ያዝና ክንድህን ዘርጋ። ቶሎ ከተንቀጠቀጠ ለአንተ ከብዷል። ዱላው በ2 እጥፍ ቢከብድ የምቱ ጉልበት 2 እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ 2 እጥፍ ከሆነ ግን ጉልበቱ 4 እጥፍ ነው። ስለዚህ እንደ ልብህ የምታወናጭፈውን ምረጥ። ልጅ ሳለሁ ደጀን ላይ የአጎቴን ከባድ ዱላ ይዤ ገባሁ። ሩሯ (የገና ጨዋታ ኳሷ) ካለፈችኝ በኋላ ነበር ዱላዬ የሚደርሰው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወይራውን ግን እንዳትጥለው! ጠንካራ እንጨት ነው። እርጥብ ከሆነ ጥላ ውስጥ አድርቀው፤ ሲደርቅ ይቀላል። ካልበቃው ቆልማማውን ጫፍ ትንሽ ጥረበው። ሲወናጨፍ ክንድ የሚጎትተው እሱ ነው።