ዜብራው ተቀብቷል፤ ግን ያሻግራል ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ጠዋት የ7 ዓመት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ አንድ መስቀለኛ መንገድ እናቋርጣለን። ዜብራ አለ፣ ግን የሚቆምልን የለም። ባለፈው ሳምንት ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ባጃጅ ብቅ ብሎ ልጄን ለጥቂት ሳተው። ማመልከት ፈልጌያለሁ። ግን "መንገዱ ያስፈራል" ብዬ ብቻ ብሄድ ማን ይሰማኛል? አደገኛ መሆኑን በምን ላሳይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ። አብሽሪ፣ ይሄ መሐንዲስ አያስፈልገውም። ሜትር፣ ስልክሽና ወረቀት ይበቃሻል።

እሁድ በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል የአስፋልቱን ስፋት ለኪ። 10 ሜትር ነው እንበል። የመንገድ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይሄዳል ብለው ያሰላሉ፤ ምርኩዝ የያዙ እማማ ወይም ልጅ አዝላ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ግን 1 ሜትር ከሄደች ጥሩ ነው። ስለዚህ 10 ሰከንድ፣ ግራ ቀኝ አይቶ ለመነሳት ደግሞ 3 ጨምሪበት። በዚህ 13 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና 144 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እና ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመሽ ያን ያህል ርቆ ያለ መኪና ይታይሻል? ደሴ ላይ፣ ያ ሁሉ ዳገትና ኩርባ እያለ፣ ብዙ ቦታ አይታይም። ካልታየ ሰው የሚሻገረው በግምት ነው ማለት ነው። ይህን ጻፊው።

ከዚያ ጎንበስ ብለሽ በልጅሽ ቁመት እዪ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንቺ በሚኒባሱ መስኮት አሻግረሽ መንገዱን ታያለሽ፣ እሱ የሚያየው ጎማና ቆርቆሮ ነው። ሹፌሩም ልጁን የሚያየው አስፋልቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ዜብራው አጠገብ ቆሞ ሰው የሚጭን መኪና ሁሉ ይቆጠር።

ዋናው ግን ለጥቂት የተረፉትን መቁጠር ነው። ሰኞ በገበያው ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ልጆች በሚገቡበት ሰዓት ቁሚ። ሹፌር ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ እግረኛ ደንግጦ ሲሮጥ ወይም ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ጭረት። ወደ ግራ የሚታጠፉትን ለይተሽ ያዢ፤ ሹፌሩ ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና ሲያይ ዜብራው ላይ ያለውን ሰው ይረሳል።

ስታመለክቺ የምትፈልጊውን በግልጽ ጠይቂ። በ50 የሚነዳ ሹፌር ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል፣ በ30 ከሆነ ግን 8 ገደማ ነው። ስለዚህ ከዜብራው በፊት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ በይ። መሃል ላይ ትንሽ መቆሚያ ከተሠራ ደግሞ 10 ሜትሩ ሁለት 5 ሜትር ይሆናል፣ እማማም መሃል ላይ አረፍ ይላሉ። የታክሲ መጫኛውም ከዜብራው ይራቅ።

ሌሎች ወላጆችን አስፈርመሽ ለቀበሌው፣ ለከተማ አስተዳደሩና ለትራፊክ ፖሊስ ስጪ፤ ቅጂው ላይ መቀበላቸውን ፈርመው ማህተም ያድርጉልሽ።

እስከዚያው ሚኒባስ ከቆመ፣ እስኪሄድ ጠብቂ። ልጁ 2 ደቂቃ ቢያረፍድ ምንም አይደል።