ዳውዲንግ ለምን ከቦታው ተነሳ?

«በ1940 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ከጀርመን ጋር ያደረገችውን የአየር ውጊያ የመራው ዳውዲንግ ድሉ ሳይቀዘቅዝ ለምን ተነሳ?» ላልከው፦

ሂዩ ዳውዲንግ መጀመሪያ መድፈኛ ነበር። መብረር የተማረው ሰላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የተዋጊ አውሮፕላኖች ዕዝ ሲቋቋም አዛዡ ሆነ። ትልቁ ሥራው፣ በእኔ እይታ፣ ከውጊያው በፊት የሠራው ነው። ራዳሩን፣ ሰማይ የሚጠብቁትን ታዛቢዎች፣ ስልኩንና ሬዲዮኑን አንድ ላይ አገናኛቸው። ስለዚህ አብራሪዎቹ ጠላት ፍለጋ ነዳጅ አይጨርሱም፤ «መጣ» ሲባል ይነሳሉ። በግንቦት 1940 ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ተጨማሪ ተዋጊ አውሮፕላን እንዳይላክ በደብዳቤ አጥብቆ ተከራከረ። ከአለቆች ጋር የሚያፋቅር ነገር አይደለም!

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሁለቱ የበታች አዛዦቹ ፓርክና ሊ-ማሎሪ በስልት ተጣሉ። ፓርክ በትንንሽ ቡድን ቶሎ እንድረስ ሲል፣ ሊ-ማሎሪ ብዙ ሆነን እንምታ አለ። ዳውዲንግ ጠቡን ሳይቆርጠው ቀረ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሱ ነው። የጀርመን አውሮፕላኖችን የሌሊት ድብደባም ማስቆም አልተቻለም። የጡረታ ጊዜውም ቢሆን በተደጋጋሚ ተራዝሞ ነበር። ብቻ በኅዳር 1940 ቦታውን ሾልቶ ዳግላስ ያዘ። በ1943 የባሮን ማዕረግ ሰጡት።