የሃሎዊን ድግስ በጥቅምት ብርድ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ወንድሜ ከነልጆቹ ከአሜሪካ መጥቷል። ልጆቹ ዘንድሮ ሃሎዊን ሊያመልጠን ነው ብለው አኩርፈዋል። ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ ውጭ ላይ ትንሽ ድግስ ላዘጋጅላቸው አሰብኩ። ከዘመድና ከሰፈር ልጆች ጋር ሠላሳ ሰው ያህል እንሆናለን። ግን ግማሹ ቤተሰብ ጽጌን ይጾማል። እናቴ ደግሞ «የሙታን በዓል በግቢዬ አይደረግም» ብላለች። ኢንተርኔት ላይ የማየው ሁሉ ኬክና ክሬም ነው። ምን ልሥራ? ምንስ ላጠጣ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ የእናትሽን ነገር እናንሳ። እሷ ቅር ብሏት የሚጣድ ድስት አይጥምም። አትከራከሪያት፤ ታሪኩን ንገሪያት። ሃሎዊን የሚከበረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ማታ ነው። በማግስቱ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ታከብራለች፤ ሃሎዊን የእሱ ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊትም አየርላንዶች እህላቸውን ሰብስበው ብርዱን የሚቀበሉበት ሳዊን የሚባል በዓል ነበራቸው። ሙታን ይመጣሉ የሚለው ወሬ ከዚያ የቆየ ነው። ያን ማታ የሚያበሩትን ፋኖስም አገራቸው ሳሉ የሚቀርጹት ቀይ ስር ከሚያክል ሥራሥር ነበር። ተሰደው አሜሪካ ሲገቡ ግን ትልልቅ ዱባ አገኙ፤ ለመቦርቦርም ቀለላቸው።

እንግዲህ አንቺ የመኸሩን ወገን ያዢ። አጽሙን፣ የራስ ቅሉን፣ ደም የሚመስለውን ነገር ሁሉ ተዪው። ጎረቤት ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል፤ በሱ ፊት አጽም ማንጠልጠል ነውር ነው። ለልጆቹ ጨረቃ፣ ጥቁር ድመትና የሌሊት ወፍ ይበቃቸዋል። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ብቻ 20 ይሆናል። 21 የማርያም ቀን መሆኑን እናትሽ ካንቺ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ማዕዱን እሷ ባርካ ታስጀምር።

አሁን ወደ ምግቡ። የሃሎዊን ቀለም ብርቱካናማና ጥቁር ነው። ሁለቱም ቤትሽ አሉ። ጥቁር ጤፍ እንጀራ ላይ የዱባ አልጫ ስታወጪበት ሌላ ማስጌጫ አያስፈልግሽም። ጥቅምት የዱባ ወር ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ልጣጩ የጠነከረና ስታነሺው የሚከብድ ምረጪ። ለመብራት የምትቀርጪውን ከላይ አትክፈቺው፤ ከሥሩ ቁረጪና ሻማው ላይ ድፊው። አናቱ ላይ ጭስ መውጫ ብሺለት። ውስጡን ግድግዳው አንድ ጣት እስኪቀር በማንኪያ ፋቂው፤ ያኔ ብርሃኑ ያምራል። ጧፍ እንዳትጠቀሚ። ጧፍ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እናትሽም አትወደውም።

የፋቅሽውን ዕለቱን ወጥ አድርጊው። ሽንኩርቱን በዘይት አብስለሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ጨምሪበት፤ ከዚያ ዱባው ይግባ። ውሃ አታብዢ፣ ራሱ ያወጣል። ደጋግመሽ ካማሰልሽው ደግሞ ገንፎ ይሆንብሻል። ፍሬውን አጥበሽ፣ ጨው ነስንሰሽ ቁይው፤ ለቆሎ የሚሆን ነው።

የድግሱ ንጉሥ ግን የሽምብራ አሳ ነው። እዚህ አገር ሆኖ፣ ደምቢያ የሽምብራ አገር ቅርባችን ሆና፣ የፈረንጅ ብስኩት ምን ያደርግልሻል? የሽምብራውን ዱቄት ከጨው፣ ከዘይትና ከትንሽ በርበሬ ጋር ጠንከር አድርገሽ አቡኪው። አያቶቻችን በአሳ ቅርጽ ያወጡታል። አንቺ ልጆቹን ሰብስበሽ ሊጡን ስጫቸው። ጨረቃ ይሥሩ፣ ድመት ይሥሩ። የሌሊት ወፍ ከሠሩ ክንፉን ወፈር ያድርጉት፤ ቀጭን ክንፍ ወጡ ውስጥ ይሰበራል። ዓይኑን በጥቁር አዝሙድ ፍሬ ትከሉለት። ከዚያ በዘይት ጥበሺው ወይም ምጣድ ላይ አገላብጠሽ አድርቂው። ቁሌቱን ለብቻ አብስለሽ፣ ሊቀርብ ትንሽ ሲቀረው ጨምሪውና ወጡን ይጠጣ። በርበሬ የማይችሉት ልጆች ወጥ ሳይነካው እንደ ብስኩት ይብሉት። ይህን ሠርተሽ ካቀረብሽ ጽጌን የሚጾመውም የማይጾመውም እኩል ይበላል።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚሉ ዘመዶች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ለነሱ አንድ ድስት ቅቅል ይበቃል፤ ጭልፋውም ለብቻው ይሁን። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ግን ነገሩ አበቃ፣ ሥጋ የለም።

ለልጆቹ እጅ ከረሜላ ከማብዛት ትንንሽ ሙልሙል ጋግሪ። አሜሪካ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ጣፋጭ ይለምናሉ። የሰፈርሽ ልጆች ደግሞ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ብለው ዞረዋል። እነሱው ለእንግዶቹ ያለማምዱላቸው! ጥንት እንግሊዝ አገርም በዚሁ ሰሞን ለሚዞሩ ልጆችና ድሆች ትንንሽ ዳቦ ይሰጥ ነበር፤ እነሱም ለሞቱት ይጸልዩ ነበር።

ሰዓቱን 11 ላይ አድርጊው። ጎንደር ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፣ ከዚያ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ወጡ ከሰል ምድጃ ላይ እንደተጣደ ይቆይ እንጂ ሳህን ላይ ወጥቶ ሜዳ ላይ አይቀዝቅዝ። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ በፔርሙስ አዘጋጂ።

መጠጡ ላይ፣ ለልጆች ብርዝ ነው የምመክርሽ። በዚህ ሰሞን አዲስ ማር ይገኛል። ማሩን በውሃ በጥብጠሽ አጥልይው። የተቀቀለ ቀይ ስር ውሃና ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ቀይ ይሆናል። በብርሌ ቅጂላቸው። አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ክብ፣ ውስጡ ቀይ የሆነ ብርሌ ሲያዩ የጠንቋይ መድኃኒት ነው ብለው ይሻሙበታል። ዕለቱን ብቻ የሚጠጣውን ያህል በጥብጪ፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

ለትልልቆቹ ኮረፌ ይቅረብ። የኛው የአገር ቤት የገብስ መጠጥ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ አረፋው ላይ የሚቆም። በቅል ቅጂው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ቢባልም አንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ ያምራሉ። ጥንስሱ ወራት የሚፈጅ ስለሆነ ራሴ እጠምቃለሁ አትበይ። ከምታውቂያት ጠማቂ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ውሃ ተጨምሮበት ባደረ ማግስት ነውና የሚጠጣው፣ ቀኑን በትክክል ንገሪያት። የኮረፌውን እንስራ ደግሞ ከብርዙ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፤ በጨለማ ልጅ ተሳስቶ እንዳይቀዳ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።