ኮንክ ሂድ፤ ግን እዚያው እደር

ወንድሜ፣ «ከፓሪስ ወጣ ብዬ ታሪክ ያላት ትንሽ የገጠር መንደር ማየት እፈልጋለሁ፤ ግማሽ ቀን ይበቃኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የምኖረው ቱሉዝ ነው፤ ያንን አገር ዞር ዞር ብዬበታለሁ። መልሴ ኮንክ ነው። ግማሽ ቀን ግን አይበቃህም።

ኮንክ በደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ከሮዴዝ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጫካ በዋጠው ገደል ላይ የተለጠፈች መንደር ናት። ጣራዎቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተነባበረ ስስ ድንጋይ ነው የተከደኑት።

ስሟ የገነነው በሌብነት ነው ብል አልዋሸሁም። አዤን በሚባል ከተማ ፉዋ የምትባል ሰማዕት ልጃገረድ ዐፅም ነበር። የኮንክ ገዳም ተሳላሚ የሚስብ ነገር አጣ። እንደሚተረከው፣ አንድ መነኩሴ አዤን ሄዶ ዓመታት ኖረ፤ ሲታመን ጊዜ ዐፅሟን ይዞ እብስ አለ። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ866 አካባቢ ነው። የሚገርመው፣ ታሪኩን ሳያፍሩ የጻፉት የገዳሙ ሰዎች ራሳቸው ናቸው! ከዚያ በኋላ ስፔን ወዳለው ሳንቲያጎ ከሚጓዘው ተሳላሚ ብዙው በዚያ ማለፍ ጀመረ። ዛሬም ለ ፑይ ከምትባል ከተማ ተነስተው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራቸው የመጡ ሰዎች እያነከሱ ሲገቡ ታያለህ።

የቤተ ክርስቲያኑን ምዕራባዊ በር ቀና ብለህ እይ። የፍርድ ቀን በድንጋይ ተቀርጿል፤ 124 ምስሎች አሉት። ቦርሳው አንገቱ ላይ እንደታሰረ የተሰቀለውን ስስታም ፈልገው። ከዚያ የቅስቱን ጠርዝ ተመልከት። ጠርዙን በጣታቸው ይዘው አጮልቀው የሚያዩ ትንንሽ ፊቶች አሉ፤ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ የጎረቤት ሰርግ እንደሚያይ ልጅ። መጀመሪያ ስሄድ አላየኋቸውም፤ አንዲት አሮጊት ናቸው ክንዴን ይዘው ያሳዩኝ።

የመንደሩን ሰው ጠባይ የነገረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ወርቅና ብር እየተወሰደ ሲቀልጥ፣ እነሱ የገዳሙን ንብረት ተከፋፍለው ደበቁት። በየቤቱ፣ በየጓሮው፣ ሻታኝ የሚሉትን ፍሬ በሚያደርቁበት ጎጆ ሳይቀር። ግርግሩ ሲያልፍ መለሱ። ወርቅ እኮ ነው፣ ያውም ድሃ ገበሬ ቤት! ወርቅ የለበሰው የቅድስቲቱ ምስል ዛሬም እዚያው አለ።

የቤተ ክርስቲያኑን መስኮቶች ሳያቸው መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ሮዴዝ የተወለደው ሠዓሊ ፒየር ሱላዥ የሠራቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የተጠናቀቁት። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ። ጠዋት ገብቼ ሰማያዊ የመሰለኝ መስታወት ወደ ማታ ሲመሽ ወደ ብርቱካናማ ሲያደላ ግን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እደር ያልኩህ ለዚህ ነው። አውቶቡሶቹ ቱሪስቱን ጭነው ሲሄዱ መንደሯ ጭር ትላለች፤ የራስህን ኮቴ ትሰማለህ።

ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አድርግ፤ የመንገዱ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። እራትህንም በጊዜ ብላ። እኔ አርፍጄ ሁሉም ተዘግቶ በብስኩት ነው ያደርኩት።