መልስ፦ የካውቦይ ዘመን ፖሊሶች እንዴት ነበር የሚሞቱት?

«በካውቦይ ዘመን የከተማ ፖሊሶች የሚሞቱት እንደ ፊልሙ መሀል መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተታኩሰው ነው ወይ?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ እኔ የማውቃቸው ታሪኮች ሌላ ናቸው። ነገሩ የሚበላሸው ሽጉጥ ሲያስፈቱ ነው። ብዙዎቹ ከተሞች መሣሪያ ታጥቆ መዞርን ይከለክሉ ነበር። ይህን ፊልሙ አይነግርህም!

አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ያለችውን ዶጅ ሲቲን እንይ። ከብት ነጂዎች ደመወዛቸውን ይዘው የሚጠጡባት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1878 የከተማዋ ማርሻል (የፖሊስ አዛዥ) ኤድ ማስተርሰን አንድ ሰካራም ሽጉጥ አስፈታ። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው መልሶ ታጥቆት አገኘው። ሲታገሉ ኤድ ሆዱን ተመታ። አፈሙዙ ከመቅረቡ የተነሳ ልብሱ በእሳት ተያያዘ። እንደዚያም ሆኖ መንገዱን ተሻግሮ መጠጥ ቤት ገባና ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ተኳሹም አልተረፈም። በነገራችን ላይ ታዋቂው ሕግ አስከባሪ ባት ማስተርሰን የኤድ ወንድም ነው።

አሪዞና ውስጥ ያለችው የቱምስቶን ከተማ ማርሻል ፍሬድ ኋይትም በ1880 የተመታው ከርሊ ቢል የሚባለውን ሰው ሽጉጥ ሲቀበል ነው። ኋይት ከመሞቱ በፊት ግን «ሆን ብሎ አይደለም» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከርሊ ቢል በነጻ ተለቀቀ።