በ27 ዓመት ወደ ትወና፦ ከአላን ሪክማን መንገድ የሚወሰደውና የማይወሰደው

ጥያቄሽ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ለንደን ትኖሪያለሽ፤ በግራፊክ ዲዛይን ዲግሪ ይዘሽ አራት ዓመት ቢሮ ሠርተሻል፤ 27 ሞልቶሻል፤ አሁን ተዋናይ መሆን ትፈልጊያለሽ። እናትሽ «እንጀራ ተይዞ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብለውሻል። አንቺ ግን እንግሊዛዊው ተዋናይ አላን ሪክማንም ዲዛይነር እንደነበረ፣ የመጀመሪያ ፊልሙም የወጣው በ42 ዓመቱ መሆኑን አንብበሽ ልብሽ ተነሣስቷል። «ጊዜ አለኝ ማለት ነው?» ትያለሽ።

ጊዜስ አለሽ። 42 የሚለውን ቁጥር ግን እርሺው፤ ሰው ሁሉ የሚያነሣው እሱን ነው፣ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ላንቺ የሚጠቅመው 26 ነው። ሪክማን ቼልሲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተምሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር የዲዛይን ስቱዲዮ ከፍቶ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ራዳ ለሚባለው የለንደን የድራማ አካዳሚ ደብዳቤ ጽፎ ልፈተን አለ። በ1972 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ26 ዓመቱ ገባ። እየተማረ ኪሱን የደጎመው ተዋንያኑን ናይጀል ሆቶርንንና ራልፍ ሪቻርድሰንን በማልበስ ነበር። ማልበስ ሲባል ቀላል እንዳይመስልሽ፦ አልባሳቱን በየትዕይንቱ ቅደም ተከተል ትሰቅያለሽ፤ ተዋናዩ ከመድረክ ወጥቶ እስኪመለስ፣ አንዳንዴ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ፣ በጨለማ ሸሚዙን ትለውጪለታለሽ። ለዚህ ሲባል ቁልፎቹ ለይስሙላ ይሰፉና ከሥራቸው ቬልክሮ ይደረጋል። እግረ መንገድሽንም ያንኑ ቴአትር ከመጋረጃ ጥግ በየምሽቱ ትሰሚያለሽ፤ ትናንት ያሳቀው ቃል ዛሬ ለምን ዝም እንዳሰኘ ትመረምሪያለሽ። ይህ ሥራ ዛሬም በዌስት ኤንድ፣ በለንደኑ የቴአትር ሰፈር፣ አለ። ሳምንቱ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ትርኢት ስለሆነ ግን ከማታ ትምህርት ጋር ይጋጫል።

በ1974 ከራዳ ወጣ። ሙያው የተሠራው ከዚያ እስከ 1988 ባሉት 14 ዓመታት ነው፦ የክፍለ ሀገር ቴአትር ቤቶች፣ በ1978 ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ፣ በ1982 በቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ኦባዳያ ስሎፕ የተባለ መሰሪ ቄስ፣ በ1985 «ሌ ሊዬዞን ዳንዠሩዝ» በተባለው ቴአትር ላይ ቫልሞን የተባለው ገጸ ባሕርይ። ይኸው ቴአትር በ1987 ወደ ኒው ዮርኩ ብሮድዌይ ሲሻገር ሪክማን ቶኒ ለሚባለው የቴአትር ሽልማት ታጨ፤ በ1988 የወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ የ«ዳይ ሃርድ» ሰዎችም ያዩት እዚያ ነው። ዲዛይነርነቱም ቢሆን ፊልም ላይ አልተለየውም ባይ ነኝ። ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ በ«ዳይ ሃርድ» የሚጫወተው ወንጀለኛ እንደ ተራ አሸባሪ ከሚለብስ፣ ሱፍ ቢለብስ ይሻላል የሚል ማስታወሻ ለፕሮዲዩሰሩ ጽፎ ተወ። ሱፍ የለበሰ በመሆኑም ከፊልሙ ጀግና ከብሩስ ዊሊስ ጋር ፊት ለፊት ሲገጣጠም ታጋች መስሎ ሊያታልለው ቻለ። አየሽ፣ ልብሱ ትዕይንት ወለደ።

አሁን ወዳንቺ። እሱ የገባበት በር ከፊሉ ተዘግቷል። ያኔ የኤክዊቲ፣ የተዋንያኑ ማኅበር፣ ካርድ የሌለው ሰው እንደ ልቡ አይሠራም ነበር፤ ካርዱ ከሚገኝባቸው መንገዶች ዋናው የክፍለ ሀገር ቴአትር ቤት ነበር። ዛሬ ካርዱ ግዴታ አይደለም፤ ተዋናይን ወቅቱን ሙሉ በደሞዝ የሚይዝ ቴአትር ቤት ግን ከስንት አንድ ነው። የዛሬው በር ስፖትላይት የሚባለው የተዋንያን መዝገብ ነው። ተዋናይ መራጮች የሚፈልጉት እዚያ ነው፤ ለመግባት የታወቀ ሥልጠና ወይም የተከፈለሽበት የትወና ሥራ ትጠየቂያለሽ።

ሥልጠናው ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ድንጋይ አለ። አንድ ዲግሪ ስላለሽ፣ እንግሊዝ ውስጥ ለሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ የመንግሥት የትምህርት ብድር በአብዛኛው አይሰጥሽም። የራዳ ወይም ጊልድሆል የሚባለው ሌላው የለንደን ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ክፍያ ከኪስሽ ሊሆን ነው። አመልካች ይህን የሚሰማው ፈተናውን አልፎ ቦታ ካገኘ በኋላ ነው፤ ያኔ ያማል። የማስተርስ ብድር ግን ለብቻው ነው፤ ማስተርስ ከሌለሽና የመኖሪያ ፈቃድሽ መብቱን የሚሰጥሽ ከሆነ ልትጠይቂው ትችያለሽ። ሮያል ሴንትራልና ኢስት 15 የሚባሉት የድራማ ትምህርት ቤቶች የትወና ማስተርስ አላቸው። ቢሮሽን ሳትለቂ ለመጀመር ደግሞ አይደንቲቲ የተባለው የትወና ትምህርት ቤት በትርፍ ጊዜ ያስተምራል፤ የፊልም ተዋንያኑ ጆን ቦዬጋና ሌቲሺያ ራይት የተማሩት እዚያ ነው። ላንቺ የምመርጠው በትርፍ ጊዜ አንድ ዓመት ተምረሽ፣ ከዚያ ለማስተርሱ እንድታመለክቺ ነው።

ለመግቢያ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሼክስፒር ወይም በሱ ዘመን የነበረ ደራሲ፣ አንድ ደግሞ የቅርብ ዘመን ንግግር በቃልሽ ትይዣለሽ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፣ የየትምህርት ቤቱን ገደብ አንብቢ። ሰው የሚወድቀው ገና ሲመርጥ ነው። ፈታኞቹ ጠዋቱን ሙሉ ሲሰሟት የዋሉትን የሼክስፒሯን ሌዲ ማክቤዝን፣ ወይም ከዕድሜው የራቀ ሰው፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ያለፈ ትዝታ ብቻ የሚተርክ ንግግር ይመርጣል። ትዝታ የሚተርክ ገጸ ባሕርይ ፊቱ ካለው ሰው የሚፈልገው ነገር ስለሌለ ትወናው ይተኛል። ንግግሩን ስታነቢ «ማንን ነው የማናግረው? ምን እንዲያደርግልኝ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልስ ካጣሽለት ተዪው። የጌቶችንም እንግሊዝኛ አትኮርጂ። እሱን ትምህርት ቤቱ ያስተምርሻል፤ ፈተናው ላይ የሚፈለገው ያንቺ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያው ዙር አሁን አሁን በቪዲዮ ይሆናል። ሌላ ካልታዘዝሽ ስልኩን አግድመሽ፣ ከደረትሽ በላይ፣ ባዶ ግድግዳ ፊት ቅረጪ። አብሮሽ የሚያነብ ሰው ካለ ከሌንሱ አጠገብ ይቁም፤ ዐይንሽ እሱ ላይ ይሁን። ከማይክሮፎኑ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ ካላደረገ አንቺን ይውጥሻል።

ስፖትላይት ስትገቢ አማርኛሽን ቋንቋ ከሚለው ሥር አስፍሪ፤ መራጮች በቋንቋም ይፈልጋሉ። የማትችዪውን ፈረስ ግልቢያ ግን አትጻፊ፤ ቀረጻው ቦታ ፈረሱ ይቀርብልሻል። ኤጀንት፣ ማለትም ሥራ የሚፈልግልሽ ወኪል፣ ካገኘልሽ ሥራ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ሥራ ሳያመጣ የመመዝገቢያ የሚጠይቅ፣ ወይም «ፎቶ የምትነሺው እኛ ከምንልሽ ሰው ጋ ብቻ ነው» የሚል ካጋጠመሽ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ።

ዲዛይኑን አትጣዪው። ኦዲሽን፣ ለሥራው የሚመርጡበት የትወና ፈተና፣ የሚነገርሽ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በፊት ስለሆነ የሙሉ ሰዓት ቢሮ አያፈናፍንም። ከወዲሁ ሁለት ሦስት የግል ደንበኛ ያዢና ቢሮውን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን እንዲያወርዱልሽ ጠይቂ። የደንበኞቹንም የትወናውንም ገቢ በአንድ የግብር መግለጫ ታስታውቂያለሽ፤ በኢንተርኔት የሚላከው እስከ ጃንዋሪ 31 ነውና የፎቶውን፣ የስፖትላይቱን፣ ለኦዲሽን የሄድሽበትን የባቡር ደረሰኝ ከዛሬ ጀምረሽ አስቀምጪ። ለእናትሽም «ሥራዬን ሦስት ቀን አደረግሁት» ማለት «ለቀቅሁ» ከማለት ይቀላል።